የሙሽራ ነቃሻዋና የሰላህ መኪና

ጥላነሽን መጀመሪያ ያየኋት ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ነው እላለሁ እንጂ ማረጋገጫ የለኝም። ቀኑ ማክሰኞ ከነበረ ደግሞ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጧት እስከ ማታ ስለማስተምር ረፋዱ ላይ ቤት ልገኝ አልችልም። ረቡዕ ይሆን? ኤደን፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ ቀን መያዝ ያኔም አይሆንልኝም ነበር። እንግሊዝኛ የማስተምርበት ተቋም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሄዳል፣ አከራዬ ኻላ ዙሀራ፣ አክስት ዙሀራ ማለት ነው፣ በሒጅራ ይቆጥራሉ፣ እኔ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር የሁለት ዓመት አሮጌ ነው። እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ መቅረቱ፣ የኻላ ዙሀራ ልጅ የሰላህ አርባ ሊወጣ ደግሞ ዘጠኝ ቀን መቅረቱ ነው። ሁለቱንም በጣታቸው ሲቆጥሩ በየጧቱ በደረጃው ስወርድ እሰማቸው ነበር።

ሰላህ ወደቡ ላይ የኮንቴይነር ክሬን ይነዳ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። መስከረም በገባ በሳምንቱ ትኩሳት ጣለው፤ በአምስተኛው ቀን ቀበርነው። የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር። ኤደን ውስጥ ከረመዳን በፊት ያለው ወር የሠርግ ወር ነው፤ በየመንገዱ ድንኳን ይተከላል፣ ከበሮ ይመታል፣ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። እኛ ቤት ብቻ በሩ ገርበብ ብሎ ቁርአን ይቀራል።

ከሰላህ ዕቃዎች መካከል አንድ የካርቶን ሣጥን ተገኘ። ከዓመታት በፊት አንድ መርከበኛ የሰጠው ነው። ውስጡ አንድ ስንዝር የምታህል የፕላስቲክ መኪና አለች፤ አሜሪካኖች በሞላላ ሜዳ ዙሪያ የሚሽቀዳደሙባት፣ ላይዋ የቤት መኪና የመሰለ፣ ጎኗና ጣሪያዋ በቁጥርና በማስታወቂያ የተሸፈነ ዓይነት። ሰላህ እንዲህ ያለውን ውድድር በዲሽ ሲመለከት ምሳውን እንደሚረሳ ኻላ ዙሀራ ይነግሩኝ ነበር። መኪናዋን ነጭ ቀብቷታል፤ ቸርኬዎቿን ገጥሟል፤ ከዚያ ትቷታል። ያልተከፈተ ሰማያዊ ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ፣ በውሃ ተነክሮ የሚለቅ የቁጥርና የስም ስቲከር ያለበት አንድ ወረቀትም ሣጥኑ ውስጥ አሉ። ወረቀቱ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ኻላ ዙሀራ መኪናዋ ተጠናቅቃ በአርባው ቀን ሴቶቹ በሚቀመጡበት በራሱ ክፍል መደርደሪያ ላይ እንድትታይ ፈለጉ። “ጀምሮ የተወው ነገር ቤቴ ውስጥ አይደር” ነበር ያሉት።

እኔን የጠሩኝ መመሪያውን እንዳነብ ነው። ጣሪያው ላይ ካለችው ክፍሌ ወርጄ የሰላህ ክፍል ስገባ፣ መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ተቀምጣ መኪናዋን ገልብጣ ሆዷን ታያለች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ቢሆን ነው። ቀና ብላ በአማርኛ፦

“አንተ ነህ ኡስታዙ? እስኪ ና፤ ይሄ ወረቀት ብዙ ያወራል” አለችኝ።

ጥላነሽ የወሎ ልጅ ነች፤ ከወረባቦ። እንደ ብዙዎቹ በጀልባ የተሻገረችው ሳዑዲ ለመግባት ነው፤ ኤደን ላይ ሦስት ዓመት ቀረች። ሚምዳራ ሰፈር ውስጥ ከአምስት የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ጧት ጧት የሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን ልብስ የምታጥብበት ቤት ሠርግ ሆኖ ነቃሻዋ ቀረች። ነቃሻ ማለት የሙሽራን እጅና እግር ኺዳብ በሚባል ጥቁር ቀለም የምታስጌጥ ሴት ናት፤ እዚያ አገር ያለ እሷ ሠርግ የለም። ጥላነሽ እጇን ከሳሙናው አውጥታ “እኔ ልሞክር” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ማጠቡን ቀነሰች። ለሰላህ ሙሽራም የተያዘችው እሷ ነበረች።

አሁን ደግሞ የተጠራችው በሰላህ እኅት በዐሊያ ነው። ዐሊያ ጅዳ ውስጥ የሙሽራ ሳሎን አላት። ለወንድሟ ለቅሶ ስትመጣ ለአንዲት ነቃሻ የተፈቀደ ፊዛ፣ የሥራ ቪዛ፣ ይዛ መጥታለች። ስለ ጥላነሽ ሰምታለች፤ እጇን ግን ሳታይ አትወስዳትም። ችግሩ፣ በለቅሶ ቤት ኺዳብ አይነካም። አርባው እስኪወጣ አንዲት ሴት እንኳ ጣቷን አታስነካም፤ ከአርባው በኋላ ደግሞ ዐሊያ ለመብረር ሁለት ቀን ብቻ ነው ያላት። ሰው ቤት ወርዳ ነቃሻ ስትሠራ ቆማ እንዳታይም ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ሠርግ ቤት አትገባም። ስለዚህ የሚፈተነው እጅ የሰው ቆዳ አያገኝም። የተገኘው የሰላህ መኪና ነው።

ዐሊያ ነገሩን የተናገረችው እንደ ነጋዴ ነው። መመሪያው ላይ ያለውን ባለ ቀለም ሥዕል በጣቷ መታ መታ አደረገች።

“አርባው ቀን ከዚህ ጋር አስተያያለሁ። አንድ ነገር ቢጎድል፣ አንድ ነገር ቢጣመም፣ ፊዛው ተዋሂ ሰፈር ላለችው ነቃሻ ነው። እሷም እጅ አላት ይሉኛል።”

“አላት፤ አውቃታለሁ” አለች ጥላነሽ። “ግን ስትሠራ ታወራለች።”

“አንቺ አታወሪም?”

“እኔ ከሠራሁ በኋላ ነው የማወራ።”

ክፍሉ ውስጥ ፊቷ ላይ ያላየሁት ፍርሃት ምን ያህል እንደነበር የገባኝ ደረጃው ላይ ነው። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ከረመዳን በፊት ቅዳሜ ለእሑድ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር ሊወጡ ተነጋግረዋል። ፓስፖርት አላት፤ ከቆንስላው ካወጣችው ዓመት አልፎታል፤ ባዶ ነው። ፊዛው ከሆነ በአውሮፕላን ትሄዳለች። ካልሆነ ከልጆቹ ጋር በበረሃው ትሄዳለች። ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ የሄደች የአክስቷ ልጅ ድምጿ እስካሁን አልተሰማም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ጫማዋን እያሰረች ነው፤ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር የምታወራ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ሥራው ተጀመረ። ከተቋሙ እንደተመለስኩ በሩ አጠገብ ወንበር ይሰጠኛል፤ ኻላ ዙሀራ አልጋው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጥላነሽ የመስኮቱ ኤሲ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይሠራ ቀለም አትከፍትም። የኤደን አየር እንደ ረጠበ ጨርቅ ነው፤ “አየሩ ካልደረቀ ኺዳብም ይፈሳል፣ ቀለምም ይነጣል” ትላለች። ሰማያዊውን በቲነር አቅጥና በሴት ካልሲ አጣራችው፤ ኺዳብም እንዲሁ ነው የሚጣራው። መኪናዋን በውሃ ጠርሙስ አፍ ላይ ደፋቻት።

መመሪያው የመኪናዋ ላይኛው ክፍል ነጭ፣ ታችኛው ሰማያዊ ይሁን ይላል። ሁለቱን የሚለየው መስመር ከፊት መብራቱ ተነሥቶ በበሩ ላይ ወረድ ብሎ፣ የኋላ ፓራፋንጎው ላይ እንደገና ይወጣል።

“መጀመሪያ ቴፕ ለጥፊ ይላል” አልኳት።

“ቴፑ ምን ያደርጋል?”

“ቀለሙ መስመሩን እንዳያልፍ ይከለክለዋል።”

“እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ተቀመጥሁ?”

“እዚህ ላይ ያለው ግን—”

“ኡስታዝ፣ አንብብ እንጂ አትስበክ።”

ኻላ ዙሀራ አማርኛ አያውቁም፤ ግን ፈገግ አሉ።

ከዚያ ያየሁትን ዛሬም በትክክል ለመጻፍ እቸገራለሁ። ጥላነሽ ቀኝ ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች። በጣቶቿ መካከል የያዘችው ቀጭን የእንጨት ስንጥር ነው፤ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ አለች። ትንፋሿን ያዘች። እጇ ይንቀሳቀሳል ብዬ ስጠብቅ እጇ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰችው መኪናዋ ናት። በግራ እጇ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ ስታዞረው ነጩ ጎን ከስንጥሩ ሥር ያልፋል፤ ባለፈበት መስመሩ ይቀራል። ፀጉር የሚያህል፣ የትም ያልወፈረ፣ የትም ያልተቋረጠ። አንዱን ጎን ስትጨርስ ያለ ሐፍረት ትንፋሼን ለቀቅኩ፤ እኔም ይዤው ኖሯል።

“እጅሽን ለምን አታዞሪም?” አልኳት።

“እጅ ከዞረ ይሳሳታል። የሙሽራም እንደዚያው ነው፤ ክንዷን ነው የምናዞር። ይሄኛው ከሙሽራ ይሻላል ወላሂ። አያስነጥሰውም፣ ውሃ አምጡልኝ አይልም፣ እናቱን አይጠራም።”

ይህን ያለችው በዐረብኛ ነበር፤ ለኻላ ዙሀራ ቀልድ መሆኑ ነው። ጥላነሽ ያለችውን ዘግይታ ሰማችውና ስንጥሩን አስቀመጠች።

“ዐፍዋን ኻለቲ፣ ይቅርታ። አፌ ነው።”

“አይጠራም” አሉ ኻላ ዙሀራ መቁጠሪያቸውን እያዩ። “እውነትሽን ነው። ሥሪ ልጄ፣ ሥሪ።”

ከመስመሩ በታች ያለውን ለዓይን ኩል በሚሆን ለስላሳ ብሩሽ ሞላችው፤ አራት ጊዜ፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ስስ ንብር። ዐሊያ በሁለተኛው ቀን ማታ ገብታ መኪናዋን ብርሃን ላይ አገላበጠቻት። የብሩሽ ዱካ ፈለገች። አላገኘችም። “አንቺ የሙሽራ ቀቢ ነሽ ወይስ የጋራዥ ልጅ?” ብላ ወጣች። ጥላነሽ ይሄ ሙገሳ ይሁን ስድብ ጠየቀችኝ። ሙገሳ ነው አልኳት። “በአማርኛ ብትለው ይሻል ነበር” አለች።

ያስፈራው ስቲከሩ ነው። ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከተሰበረ ምትክ የለውም። ጥላነሽ ሥዕሉ ላይ የሌለ አንድ ትርፍ ቁጥር ቆርጣ ውሃ ውስጥ ጣለችው። ገና ከወረቀቱ ሲላቀቅ ሦስት ቦታ ተሰነጣጠቀና እንደ ዓሣ ቅርፊት ተበታተነ። ከዓመታት ሙቀት በኋላ ሽፋኑ ደርቆ ኖሯል። ጥላነሽ ስብርባሪውን በወረንጦ እየለቀመች መዳፏ ላይ ደረደረችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ ተነሥታ ዐሊያን ጠራች።

“ከሳሎንሽ ሻንጣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አለሽ?”

“ለቅሶ ላይ ነኝ፤ ምን ያደርግልኛል?”

“ለአንቺ አይደለም። ይሄም ለቅሶ ላይ ነው፤ ግን ልብስ ያስፈልገዋል።”

ዐሊያ የጥፍር ቀለሙን አምጥታ እዚያው ቆመች። ጥላነሽ ከተረፈው ትርፍ ስቲከር በአንዱ ጥግ ላይ ስስ አድርጋ ቀባችበት፤ አደረቀችው፤ ቆርጣ ውሃ ውስጥ ጣለችው። ሙሉውን ተንሸራቶ መጣ። በወረንጦ አንሥታ ጥፍሯ ላይ ለጠፈችውና ለዐሊያ አሳየቻት። ዐሊያ እጇን ይዛ ጥፍሩን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ሳሎን ያላት ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥፍር አይታለች። እንደዚህ ዓይነት ነገር አይታ ግን አታውቅም፤ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

የመነከሪያው ውሃ የኤሲው ጠብታ ነው። ኤደን ውስጥ ሰው ሁሉ ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ያጠራቅማል፤ የቧንቧው ውሃ ጨው አለበት፤ የኤሲው ግን ከአየር የወጣ ነውና ንጹሕ ነው፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውም እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ጥላነሽ ከባልዲው በስኒ ስትቀዳ ኻላ ዙሀራ አዩ።

“በዚህ ነው የልጄን ነገር የምትነክሪው? ከግድግዳ በሚንጠባጠብ ውሃ?”

መልስ አልጠበቁም። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ትንሽ ነጭ ጀሪካን ይዘው ወጡ። ሐጅ የሄዱ ጊዜ ያመጡት ዘምዘም፣ የመካው የተባረከ ውሃ ነው፤ ለሕመምና ለጭንቅ ብቻ በጭልፋ ይቀዳል። በራሳቸው እጅ ስኒው ውስጥ ቀዱ። ጥላነሽ ዐሊያን አየቻት፤ ዐሊያ ዓይኗን ሰበረች። ለአንዲት ልጇን ለቀበረች እናት፣ ያን ውሃ በእጇ ይዛ፣ አይሆንም የሚል ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ጥላነሽ ቢስሚላህ ብላ የግራ በሩን ቁጥር ነከረች፤ ስልሳ አንድ ነበር፤ ለጠፈችው።

በማግሥቱ ጧት ሰማያዊው ላይ፣ በቁጥሩ ዙሪያ፣ ሸሚዝ ላይ የደረቀ ላብ የመሰለ ነጭ ክብ ነበር። ከስቲከሩ ሥርም ገብቷል። ዘምዘም ማዕድን ያለው ውሃ ነው፤ ሰው ይጠጣዋል፤ ሲደርቅ ግን የያዘውን ይተዋል። እኛ ሦስታችንም አየነው። ኻላ ዙሀራም አዩት።

ጥላነሽ ከምንጣፉ ተነሥታ አልጋው ፊት በጉልበቷ ተቀመጠች።

“ኻለቲ፣ ይሄ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ነው። መኪናው አይጠጣም፤ ውጭው ላይ አስቀረው፤ ያሳዝናል። እርስዎ ይጠጡትና ለሰላህ ዱዓ ያድርጉለት። ለመኪናው የግድግዳው ይበቃዋል።”

ኻላ ዙሀራ አፍጥጠው አዩዋት። ቁጣ ሊመጣ ነው ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ስኒውን አነሡ፤ ወደ ቂብላው፣ ወደ መካ፣ ዞሩ፤ በሦስት ትንፋሽ ጠጡት። ከዚያ ስኒውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ አለቀሱ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ “ሰብር አድርጊ፣ ቻይው” እያለ ይዟቸው ነበር፤ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። ዐሊያ ከክፍሉ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ የኤሲውን ባልዲ ራሷ ተሸክማለች፤ ጥላነሽ አጠገብ አስቀመጠችውና፦

“ሞልቷል” አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

ቁጥሩን ማንሣት ነበረባት። አንዴ የተለጠፈን፣ ለዓመታት የደረቀን ስቲከር ሳይቀደድ ማንሣት። ጥላነሽ ጥጥ በኤሲው ውሃ እየነከረች በሩ ላይ አለበሰችው። በየአምስት ደቂቃው ትቀይረዋለች። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት። መብራት ጠፋ፤ ክፍሉ ጋለ፤ ላቧን በትከሻዋ እየጠረገች ቀጠለች፤ እጇ ከበሩ አልራቀም። ወደ ስምንት ሰዓት ላይ አጎንብሳ በአፏ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ሰጠችው፤ በወረንጦው ጫፍ ነካችው። ስልሳ አንድ በቦታው ላይ ዋኘ። ሙሉውን። ሥሩን ጠርጋ፣ ከባልዲው አንድ ጠብታ አስቀምጣ መለሰችው፤ በጥጥ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫነች ውሃውን አወጣችው። ስትጨርስ ሰማያዊው ላይ ምንም ክብ የለም፤ ቁጥሩ አብሮት የተቀባ ይመስላል።

ብዙ ተምሬያለሁ፤ ብዙ አስተምሬያለሁም። አንድ ሰው አንድን ነገር ሙሉ በሙሉ ሲያውቀው ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ደብተሬን አውጥቼ ልጽፍ አሰብኩ፤ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። የኮፈኖው ቁጥር፣ የጎኖቹ ማስታወቂያዎች፣ የፊት ፓራፋንጎው ላይ በረድፍ የሚለጠፉት የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ምልክቶች። የጣሪያው ቁጥር ወደ ጎን ተኝቶ ይለጠፍ ሲል መመሪያው፣ ኻላ ዙሀራ ተቃወሙ።

“ቁጥር እንዴት ይተኛል? ታሟል?”

“ከላይ ሆኖ ለሚቆጥራቸው እንዲታይ ነው ኻለቲ” አልኩ።

“ከላይ ያለው ቁጥር አያስፈልገውም” አሉ። ጥላነሽ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቁጥሩን ግን እንደ ሥዕሉ አስተኛችው።

ሐሙስ የአርባው ቀን ነው። ጧት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ገብቼ አየሁ። የቀሩት ሁለት ስቲከሮች ብቻ ናቸው፤ የአሽከርካሪው ስም፣ አንድ ከቀኙ በር በላይ፣ አንድ ከግራው በላይ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ የሚለጠፉ። እኔ የማላውቀው የአንድ አሜሪካዊ ስም። ሁለቱም ተቀብተው፣ ተቆርጠው፣ ደርቀው ሳሕን ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሙሉ ነበሩ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ሴቶቹ መምጣት ጀምረዋል፤ ከበሩ ውጭ ይጠብቃሉ። ዐሊያ በሩን ዘግታ፣ መመሪያውን ዘርግታ፣ ከመኪናዋ ጋር እያስተያየች ትዞራለች። ኻላ ዙሀራ አልጋው ላይ ናቸው። ጥላነሽ ጥግ ላይ ቆማለች። ዐሊያ ኮፈኖውን አየች፣ ጎኖቹን አየች፣ የኋላውን ፓራውርቲ አየች። ፊቷ እየላላ መጣ። ከዚያ ቆመች።

“በቀኝ በኩል ስሙ አለ። በግራ የለም።”

“የለም” አለች ጥላነሽ።

“የት ሄደ?”

“ተበላሸ።”

ዐሊያ መመሪያውን ዝቅ አደረገች። “አንድ ነገር ቢጎድል ብያለሁ።”

“ብለሻል።”

“ሌላ ሁሉ አልተበላሸም፤ ይሄ ብቻ ተበላሸ?”

ጥላነሽ ወደ ኻላ ዙሀራ ተመለከተች። ቅዳሜ ለእሑድ የሚወጡት ልጆች ስንቃቸውን እንደቋጠሩ አውቃለሁ። ሳሕኑን ፈለግሁ፤ ታጥቦ ተደፍቷል። ልናገር? ጧት ሙሉ ነበር ብል ለማን እጠቅማለሁ? ዝም አልኩ።

“እስኪ ስጪኝ” አሉ ኻላ ዙሀራ።

ዐሊያ መኪናዋን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ከግራው በር በላይ ያለውን ነጭ ዳሰሱት። ባዶ ነበር፤ የሰላህ ቀለም ነው፤ ከመኪናዋ ሁሉ ማንም ያልነካው እሱ ብቻ ነው።

“እዚህ ማንም አልተጻፈም።”

“አልተጻፈም ኻለቲ” አለች ጥላነሽ።

“የሚነዳው ሰው የሚቀመጠው በዚህ በኩል ነው?”

“በዚህ በኩል ነው።”

ኻላ ዙሀራ ጎንበስ ብለው በትንሿ መስኮት ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ ሰው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ቀና ሲሉ ፊታቸው የጠራ ነበር፤ ለዐሊያ ተናገሩ።

“የጎደለ ነገር የለም። አስቀምጫት።”

ዐሊያ እናቷን አየች፤ ጥላነሽን አየች። መመሪያውን አራት ቦታ አጠፈችው። መኪናዋን መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ ግራ ጎኗን ወደ ክፍሉ አዞረችው። ከዚያ በሩን ለሴቶቹ እየከፈተች፣ ሳትዞር፦

“ፓስፖርትሽን ነገ ጧት አምጪ” አለች።

ጥላነሽ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ስቲከሩ እውነት ተበላሽቶ ነበር? ከሆነ የኻላ ዙሀራ ጣት ያገኘው ዕድል ነው። ካልሆነ ግን ያቺ ሴት አንድ ቦታ ለሰላህ ባዶ ለመተው ስትል መንገዷን ሁሉ፣ አውሮፕላኑንም በረሃውንም፣ በአንዲት እናት አውራ ጣት ላይ አስቀምጣዋለች ማለት ነው። ጧት ያየሁትን ሳስብ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ከአፏ መስማት ፈለግሁ። ግን ከዚያ ወዲያ ለብቻዋ አላገኘኋትም፤ ዐሊያ ከበረረች በኋላም ከኤጀንት ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ፎቶ ቤት ትሮጥ ነበር። ወደ ቤት ስትመጣ እኔ ማስተማር ላይ ነኝ፤ እኔ ስመጣ እሷ ሄዳለች።

ረመዳን በገባ በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ክፍሌ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ድምጿን ከታች ሰማሁ። ኻላ ዙሀራን ትሰናበታለች። “ሳምሑኒ ኻለቲ፣ ሳምሑኒ” እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ይመርቋታል። እስክሪብቶውን ጥዬ ደረጃውን ወረድኩ። ሦስት ፎቅ ነው። በር ላይ ስደርስ ኻላ ዙሀራ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ሚኒባሱ ከሱቁ ፊት ተነሥቶ መታጠፊያው ላይ ደርሷል። ከኋላ መስኮት አንድ ጥቁር ሻሽ አየሁ። ስሟን ጠራሁ። ሚኒባሱ ወደ ኤርፖርቱ መንገድ ታጠፈ።